የጋሽ ይማም ጣት

ጋሽ ይማም ቅቤ የሚገዙት በአፍንጫቸው ነው። ቢቸና ገበያ ቅቤ ሻጮቹ ሴቶች ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉላቸው ሌባ ጣታቸውን ነከር አድርገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭልጥ ይላሉ። ላሚቱ የጋጠችበት መስክ ሁሉ የሚታያቸው ይመስላል።

"ጋሽ ይማም፣ እንቅልፍዎን ሲጨርሱ ይንገሩን!" ይሏቸዋል ሴቶቹ እየሳቁ።

ሞጣ ሲመለሱ የልጃቸው የሂዳያ ልጅ፣ ትንሿ ኢልሀም፣ አፍንጫዋን ቀስራ ደጃፍ ላይ ትጠብቃቸዋለች። በዚያችው ጣት አፍንጫዋ ውስጥ ቅቤ ቀባ ያደርጉላታል። ብርድ እንዳይመታት ነው፤ እሳቸውንም እናታቸው እንዲሁ ይቀቧቸው ነበር።

በዚያ ክረምት ጋሽ ይማምን ጉንፋን ያዛቸው። ቢቸና ሄደው ቅቤውን ቢያሸቱት ምንም የለም። ጣታቸውን አፍንጫቸው ውስጥ እስኪገባ አስጠጉት፤ አሁንም ምንም። በግምት ገዝተው ተሳፈሩ። አውቶቡሱ በጉንደ ወይን ጉሙን እየሰነጠቀ ሲያልፍ፣ ትኩሳቱ ላንሳፈፋቸው ሽማግሌ ዓለም ሽታዋን ጥላ የሄደች መሰላቸው። ደጃፍ ላይ ኢልሀም ቆማለች። ቀቧት።

ልጅቷም ጉንፋን ያዛት። ተሻላትና መሮጥ ጀመረች። ወዲያው ግን ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ጤና ጣቢያ ይዘዋት በረሩ።

"የሳንባ ምች ነው" አለች ነርሷ ሃና መርፌውን እያዘጋጀች።

"ጉንፋኑ እኮ ለቋት ነበር፣ ልጄ።"

"አዎ፣ ጋሽ ይማም። ግን አፍንጫችን ውስጥ ዝም ብለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ጉንፋን ሲይዘን እነሱ ይራባሉ፤ አንዳንዴ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ከታመመ ሰውም በእጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ።"

ጋሽ ይማም ጣታቸውን አዩት። ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

አልጋው አጠገብ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸው። በሕልማቸው ቢቸና ገበያ ኢልሀም አፍንጫ ውስጥ ቆሟል። ነጋዴው በየቦታው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ድንገት ጉም ወረደና ገበያው ሞላ፤ ሰው እየተገፋፋ ወደ አንድ ገደል ተመመ። ከፊት ሆነው በጣታቸው መንገዱን የሚያሳዩት ራሳቸው ናቸው።

ብንን አሉ። "ያ ረቢ፣ በእኔ ይሁን!"

መርፌው ሠራ። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ኢልሀም ዓይኗን ገለጠች። አያቷን ስታይ ፈገግ አለች።

"አባዬ፣ ቅቤ?" አለችና አፍንጫዋን ቀሰረች።

ጋሽ ይማም አለቀሱ እንጂ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አላወጡም።