ሙላት የሰበሰባቸው የሰማይ መጻሕፍት

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ላይ አንድ መጽሐፍ ነጋዴ ዝናብ የመታቸውን አሮጌ መጻሕፍት ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ አንዱን ስገልጥ የረጠበ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሳልገዛ ሄድኩ። ያ ሽታ የታላቅ ወንድሜ የሙላት ነው። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ልሞክር።

ሙላት ወረታ አስተማሪ ነበር። ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ጎንደርና አስመራ በወጣ ቁጥር ፈረንጆች ወዳገራቸው ሲመለሱ የሚሸጧቸውን የሥነ ፈለክና የፊዚክስ መጻሕፍት ይገዛ ነበር። የፎገራ ክረምት ደግሞ ለመጽሐፍ አይመችም፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲመስል የቤታችን ግድግዳ እንኳ ያልበዋል። መስከረም ሲጠባ መጻሕፍቱን ቁርበት ላይ ያሰጣል፤ እናቴም በርበሬዋን ከጎኑ ታሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃ ያነበበ ሁሉ ያስነጥሰው ነበር። ስሜን ከእናቴ ስም ጋር ቁጠርልኝ እያሉ የሚመጡ ገበሬዎችን፣ ኮከብ የሰው ስም አያውቅም እያለ በሳቅ ይመልሳቸው ነበር።

በጥቅምት ወባ ጣለው። እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ተጠርቼ ስደርስ ጎረቤታችን እትየ ዘርፌ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታረጥብ ነበር። እናቴ ሲደክማት እሷ ትይዘዋለች። እስኪያርፍ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሣችም።

ለአርባው ተዝካር እህል አልነበረንም፤ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው። አባቴ በሬውን ቢሸጥ በምን ያርሳል? የቀሩት መጻሕፍቱ ነበሩ። እኔ የፈለግሁት የሚያነባቸው ሰው እጅ እንዲገቡ ብቻ ነው። የፊዚክስ መምህሬን ለመንኳቸው፤ ደመወዝ ሲወጣ እመጣለሁ አሉኝ። ተዝካር ግን ደመወዝ አይጠብቅም።

በገበያው ቀን መጻሕፍቱን ዘረጋን። መጀመሪያ የመጣው ባለሱቅ ስኳርና ቡና ሊጠቀልልባቸው ፈለገ፤ አባቴ ፊቱን አዞረበት። ቀጥለው ከሐሙሲት በኩል የመጡ አንድ ደብተራ ቁጭ ብለው ገጽ ይገልጡ ጀመር። የከዋክብቱ ሥዕል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አባ፣ ይህ ኮከብ ቆጠራ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው» አልኳቸው።

«ኮከቡም እንግሊዝኛ ይናገራል?» አሉኝ።

የከበበን ሰው ሳቀ። አባቴ ግን ደብተራው እያንዳንዱን መጽሐፍ ተሳልመው ሲያነሡ አይቶ ልቡ ተነካ፤ መጽሐፍ የሚያከብር ሰው ተገኘ ብሎ ሁሉንም ሸጠላቸው። ተዝካሩም በወጉ ወጣ፤ ካህናቱም ጎረቤቱም በልተው መረቁን።

ለፋሲካ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በእኛና በእትየ ዘርፌ ግቢ መካከል ያለው መሹለኪያ በእሾህ ታጥሮ አገኘሁት። እናቴን ጠየቅኋት። ሐሙሲት ደብተራው ዘንድ ሄዳ ልጄን ምን ገደለው ብላ ጠይቃ ኖሯል። ደብተራው የሙላትን መጽሐፍ ገልጠው፣ ከዋክብቱን በጣታቸው እያሳዩ፣ የበላው የቅርብ ሴት ዐይን ነው፣ ራሱን ይዛ የነበረችው ናት ብለዋታል።

ወባ እንደሆነ ነገርኳት። ደብተራው ከዚያ መጽሐፍ አንዲት ቃል ማንበብ እንደማይችሉ፣ ሙላት ራሱ በእንዲህ ያለው ነገር ይስቅ እንደነበር ነገርኳት።

«የገዛ ልጄ መጽሐፍ ይዋሸኛል?» አለችኝ።

ሙላት በሕይወቱ አንድም ቀን ያላለውን፣ ከሞተ በኋላ በገዛ መጻሕፍቱ አስባሉት። ወንድሜን መቅበር አንድ ነገር ነው፤ እሱ ያስተማረው ከእሱ ጋር ሲቀበር ማየት ግን ሌላ ነው።

እትየ ዘርፌ ስትሞት ለቅሶዋ ላይ ከቤታችን የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በሯን ዘግታ ጥጥ ስትፈትል ዋለች።