ዳገቱ ጫፍ ላይ የምትንበረከከው ልጅ

እኔ የምኮራበትን ነገር መደበቅ አልችልበትም። ልደታ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ሰፈሩም «ጎሚስታው» ነው የሚለኝ። ስለ ልጅ ልጄ ያልነገርኩት ደንበኛ የለም።

እሷና እናቷ፣ ልጄ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤታችን ከታች ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ፤ መሃል ላይ ያለው ዳገት አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ሕፃኗ በደንብ መራመድ ከጀመረች ወዲህ እሁድ እሁድ እጇን ይዤ አብረን እንወጣለን። በሩ ጋ ስንደርስ፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ሳልጨርስ፣ እሷ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ትላለች። አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም። ሌላው ልጅ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጥ እሷ ከመሬት አትነሳም። ማን አስተማራት? ማንም። እኔ እንኳ የምሳለመው ቆሜ ነው።

«ያቺን ልጅ አይታችኋታል?» እላለሁ ጎማ ሊያስጠግን ለመጣው ሁሉ። «አራት ዓመቷ ነው። ቄስ እንኳ እንደሷ አይንበረከክም!»

«እንግዲያው ጳጳስ ልትሆን ነዋ!» ይለኛል አንድ የታክሲ ሾፌር ደንበኛዬ።

«እሱን ለማርያም ተውላት። አንተ ይልቅ ይቺን መላጣ ጎማህን ቀይር።»

ከንፈሯ ሲጠቁር ብርድ ነው አልኩ። ጥፍሯ ሲጠቁርም ብርድ ነው አልኩ። እናቷ «አባዬ፣ ቶሎ ይደክማታል፤ ሐኪም ይያት» ስትለኝ ተቆጣሁ። «ይቺ ልጅ የማርያም ናት። በጤነኛ ልጅ ላይ በሽታ አትጥሪባት!» እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። እንዲሁ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ።

ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። ብዙም ሳይቆይ መምህሯ እናቷን አስጠራቻት። ልጄ ከዚያ ስትመለስ ቤት እንኳ አልገባችም፤ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጥታ ጎማዎቹ መሃል ቆመች።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይም ትንበረከካለች አሉኝ።»

«እሰይ!»

«አባሮሽ ሲጫወቱም ትንበረከካለች። ሽንት ቤት ስትሄድም መንገድ ላይ ትንበረከካለች። እዚያም ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ እንዴ አባዬ?»

የያዝኩትን መፍቻ ጥዬ እጄን ሳልታጠብ ተከተልኳት፤ ሕፃኗን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።

ዶክተሯ ገና ልጅ እግር ናት። የሕፃኗን ደረት አዳመጠች፣ በመሣሪያም አየቻት፣ ደግማ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ፣ «አባባ፣ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ» አለችኝ። «ደም ወደ ሳንባዋ የሚሄድበት መንገድም ጠባብ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት ነው ቁጢጥ የምትለው፤ እንደዚያ ስትሆን ይሻላታል። ማንም አላስተማራትም፣ ገላዋ ራሱ ያገኘው መላ ነው።»

«ስትጸልይ አልነበረም?»

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ቀዳዳ ከሆነ ይለጠፋላ?» አልኩ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

«ይለጠፋል፤ ጠባቡም ይሰፋል። ግን ተራ መጠበቅ አለ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር።»

ያ መዘግየት የኔ ነው። የሌላ የማንም አይደለም።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። «አባ፣ በሽታዋን ጽድቅ ብዬ ለሰፈሩ ስሰብክ ከረምኩ። አንድ ዓመት አቃጠልኩባት።» ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ለሰበክህላቸው ሁሉ ተመልሰህ እውነቱን ንገራቸው፤ ንስሐህ ይኸው ነው» አሉኝ። ሺህ ስግደት ይቀለኝ ነበር። ለደንበኞቼ አንድ በአንድ ነገርኩ። ሾፌሩ ይስቅብኛል ስል፣ «ቀጠሮዋ መቼ ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው።

ተራዋ ደርሶ ልቧ በቀዶ ሕክምና በሚከፈትበት ቀን እናቷ ሐኪም ቤቱ ሆና ጠበቀች። እኔ ዳገቱን ወጥቼ በሩ ጋ፣ ልጅቷ በምትቀመጥበት ቦታ፣ እንደሷ ቁጢጥ አልኩ። አገጬንም ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ብዙ ቆየሁ።

«አባባ፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ ጥበቃው።

«የለም፣ እየጸለይኩ ነው።»

«እንዲህ ተሁኖ?»

«አዎ፣ እንዲህ ተሁኖ!»

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ታለቅሳለች። «አባዬ፣ በሰላም ወጥታለች። ከንፈሯን ብታየው... ቀይ ነው።» ጥበቃው ብብቴን ይዞ አቆመኝ።

አገግማ፣ ዶክተሯም ፈቅዳላት፣ መጀመሪያ የወጣን እሁድ ዳገቱ መሃል ላይ እጄን ለቀቀችኝ። «ቀስ!» ብላት የሚሰማኝ የለም። ስደርስ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን አስደግፋ፣ ቆማ ትሳለማለች።

«አባባ፣ ቆየህ እኮ!»

አንዲት የምታውቀን ሴትዮ አጠገባችን ደረሰች። «ምነው፣ ዛሬ አትንበረከክም እንዴ?» አለችኝ።

«አትንበረከክም» አልኳት፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የኔ ልጅ የምትሳለመው ቆማ ነው!»

ይሄንንም ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ። የንስሐ አባቴ ይሄን አልከለከሉኝም።