ለዝናሽ የተለቀሰ ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ እንጅባራ ውስጥ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ አገሬ ብቻ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ድራማው ሲደርስ ጋቢና ነጠላችንን ተከናንበን እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ክፍሉ እርጥብ ጋቢ፣ የገብስ ቆሎና ከሰል ይሸታል። ትልልቆቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፣ እኛ ልጆች ከቴሌቪዥኑ ሥር መሬት ላይ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጣብቀን እናያለን።

ድራማው ስለ አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ነበር። እናት ስትሞት አባት ዝናሽ የምትባል ሴት ያገባል፤ ዝናሽ ደግሞ የእንጀራ ልጇን ቁም ስቅሏን ታሳያታለች። ሰፈሩ በሙሉ ዝናሽን ይረግም ነበር። ከሁሉም አብልጣ የምትረግማት ግን የእኔው የእንጀራ እናት ነበረች።

የወለደችኝን እናቴን አላስታውሳትም። አባቴ ድንችና ከሰል ጭኖ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር ነበር። የጥሊሊዋን የኔነሽን ሲያገባ እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። እታለም እላት ነበር። አገውኛው አማርኛዋን ይጫነው ስለነበር ስታወራ የሰፈሩ ሴቶች ይሳሳቁባታል። እሷ ደንታም አልነበራት፤ ድራማው ላይ ያቺ ልጅ ስትመታ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች "እጇን ይቁረጠው!" ትላለች። ቤት ስንገባ ያየነውን ሁሉ እንደገና በአገውኛ ታወራልኛለች። በእሷ አፍ ሲወራ ይበልጥ ያምር ነበር።

የድራማው የመጨረሻ ምዕራፍ ሲጀምር ነገር ተበላሸ። አንድ እሁድ እታለም በር ላይ ስትደርስ ከሴቶቹ አንዷ "ዝናሽ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት" አለች። ተሳቀ። እታለምም አብራ ሳቀች። ቀልዱ ግን እዚያ አላበቃም፤ ልጆች ተቀበሉት፣ ከዚያ ሰፈሩ ስሟ አደረገው። እትዬ አገሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጅጌዬን ሰብስበው ክንዴን ያገላብጡ ጀመር።

"የት የት ነው የምትቆነጥጥሽ?"

"አትቆነጥጠኝም።"

"ምሳሽንስ ትሰጥሻለች?"

"ትሰጠኛለች።"

ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው "አላልኳችሁም? ያቺም ልጅ እንዲሁ ነበር የምትለው። አስፈራርታታለች" ይላሉ። የድራማዋ ልጅ ከፍርሃት የተነሳ ትዋሽ ስለነበር የእኔ እውነት ውሸት ሆኖ ቀረ።

እንደ ልማዷ እታለም ቅቅል ድንች በአዋዜ ይዛ የሄደች ዕለት፣ ሳህኑ ቤቱን ዞሮ ሳይነካ ተመለሰላት። የዚያን ዕለት ድራማው ላይ ልጅቷ ዝናሽ ያቀረበችላትን ሾርባ ጠጥታ ወደቀች። መርዝ ነበር። የሁሉም ዓይን ከቴሌቪዥኑ ወደ እታለም ዞረ። እሷ አላየቻቸውም፤ ለልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

በዚያው ሰሞን ታመምኩ። እታለም በጭቃው አዝላኝ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለ። ሴቶቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እትዬ አገሬ እታለም የሠራችልኝን ሾርባ ከእጇ ቀምተው ደጅ ደፉት።

"ታይፎይድ ነው ብሏል እኮ ሐኪሙ" አለቻቸው።

"የዝናሽም ሐኪም እንደዚያው ነበር ያለው።"

ሽማግሌው ጎረቤታችን "ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ፤ ተዉ ይህን ነገር" ቢሉ የሰማቸው የለም። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ቤት ሳይደርስ አስቁመው ነገሩት። ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እሷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

"ወሬው እስኪበርድ እናትሽ ዘንድ ቆዪ" አላት።

"አንተም?" አለችው።

ልብሷን በአንሶላ ጠቀለለች። ግንባሬን ስማ "መድኃኒትሽን ሳትጨርሺ እንዳታቆሚ" አለችኝ። ወደ ሚኒባሱ ስትወርድ ልጆቹ "ዝናሽ! ዝናሽ!" እያሉ ሲከተሏት አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። እናቶቻቸው በየደጃቸው ቆመዋል፤ አንዷም ተዉ አላለችም። እየቆየ ወሬው በረደ። አባቴ ግን ሊያመጣት አልሄደም።

ድኜ የድራማውን የመጨረሻ ክፍል ለማየት እትዬ አገሬ ቤት ሄድኩ። መርዙን የጨመረው የልጅቷ አጎት ሆኖ ተገኘ። ዝናሽ ከእስር ወጥታ ልጅቷን ስታቅፍ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እትዬ አገሬ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ራሴን እየዳበሱ "ምነው አፋችንን በዘጋው! በሰው ላይ እንዲህ ይፈረዳል?" እያሉ ተንሰቀሰቁ። የእታለምን ስም ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ዛሬ ሰፈራችን ቴሌቪዥን የሌለው ቤት የለም። ሁሉም ለየብቻው ስልኩ ላይ ያያል፤ እርግማኑንም በጣቱ ጽፎ ማንን እንዳገኘ ሳያውቅ ያልፋል። ያኔ የምንረግመው እንኳ ቆሎ እየተካፈልን ነበር። ያ ጠባብ ክፍል እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል፤ እንዲያ ያለ ቤት እንዴት ይናፍቃል እያልኩ ራሴን እታዘበዋለሁ።

ባለፈው ዓመት እታለምን ጥሊሊ ገበያ ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። ሸብታለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አገላብጣ ሳመችኝ። የአባቴን ማረፍ ስትሰማ "ነፍስ ይማር" አለች፤ ቂም አላየሁባትም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደማፈር ብላ ጠየቀችኝ።

"ያ ድራማ እንዴት ሆኖ አለቀ? እኛ ዘንድ ያኔ መብራት አልነበረም።"

"ዝናሽ ንፁሕ ነበረች፣ እታለም። መርዙን የጨመረው አጎትየው ነው።"

እጇ ድንቹ ላይ ቀረ።

"ወይኔ፣ ምስኪን!" አለች። "እኔም እኮ ረግሜያታለሁ።"