አሥራ አምስተኛው ጥያቄ

ሳጅን አስቻለችን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የሚወዳት ግን ብዙ አይደለም። አጭር ናት፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ሰው ሲያናግራት ፊቱን ሳይሆን እጁን ታያለች። እኔ የፖሊስ ጣቢያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የእኔንና የእሷን ጠረጴዛ የሚለየው አንድ የፋይል መደርደሪያ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንድ ቀን ምሳ ጋብዛኝ አታውቅም። ይህን የምጽፈው ግን ቂም ይዤ አይደለም።

ሥራዋ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ስትመጣ አስቻለች ፊት ትቀመጥና ቅጽ ይሞላላታል። ቅጹ ከአንድ ሥልጠና የመጣ ነው፤ አሥራ አራት ጥያቄዎች አሉት። መሣሪያ አለው ወይ? አንቆሽ ያውቃል ወይ? እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል ወይ? እያለ ይቀጥላል። "አዎ" የተባለው ተቆጥሮ ከሰባት በላይ ከሆነ ሴትዮዋ ልትገደል ትችላለች ተብሎ ፋይሉ ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል፤ አዛዡም በዚያው ቀን እርምጃ ይወስዳል። ከአራት በታች ከሆነ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሆነውን ጉዳይ ሽማግሌ ይረከበዋል።

ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች የተማሩ ናቸው፤ እኛን ግን አያውቁንም። "መሣሪያ አለው ወይ?" ተብላ "የለውም" የምትል ሚስት እዚህ አገር ባሏን እያዋረደች ነው። "እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል?" ስትባል ደግሞ "ኧረ በጭራሽ" ትልና፣ ትንሽ ቆይታ "ሲናደድ ብቻ ነው" ትላለች። ሲናደዱ የተናገሩት እዚህ እንደ ንግግር አይቆጠርም። አስቻለች ይህን ስለምታውቅ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ እያዟዟረች ትጠይቃለች። ሰው የማይወዳትም በዚህ ይመስለኛል።

ከአሥራ አራቱ በታች፣ ከፊርማው ቦታ ከፍ ብሎ፣ በእጇ የምትጨምረው አንድ ጥያቄ አለ። "ልጆቹ የት ናቸው?" ይላል። የጣቢያችን አዛዥ ኢንስፔክተር ገበየሁ ቅጽ ማበላሸት ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ተቆጥቷታል። ሁለቱንም ጊዜ "እሺ ጌታዬ" ብላ መጻፏን ቀጠለች።

የጥያቄውን አመጣጥ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሥራ በፈታንበት ከሰዓት። ወደዚህ ሳትዛወር በሌላ ወረዳ ስትሠራ በዛች የምትባል የገበሬ ሚስት ትመጣለች። ሦስት "አዎ" ብቻ ነበራት። ባልየው ንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም ብሎ ምሏል። በዛች ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና "ልጆቹንም ወንድሙ ዘንድ ወስዶልኛል፤ ትንሽ እንድታርፊ ብሎ" አለቻት። አስቻለችም "ጎሽ፣ እንዲህ ያስብልሽ" አለቻት። በአምስተኛው ቀን ባሏ በዛችን ገደላት። ልጆቹ ምንም አላዩም፤ የወሰዳቸውም እንዳያዩ ነበር።

አስቻለች ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "ጎሽ አልኳት" አለች።

ባለፈው ግንቦት ሀጀራ መጣች። ሀጀራ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጠው የአሕመዲን ሚስት ናት። ከአንድ ወር በፊት ፊቷ አብጦ መጥታ ከሳው ነበር፤ የዚያን ዕለት የመጣችው ግን ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ ክሱን ልታነሳ ነው። ከሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ጋሽ ኪዳነማርያም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ግማሹን ከተማ ያስተማሩ፣ የቀረውን ያስታረቁ።

"ሳጅን ልጄ፣ በአላህም በማርያምም ተለምኖ ነገሩ አልቋል" አሉ። "አውፍ ተባብለዋል። አንቺም መዝገቡን ዝጊልንና መርቀን እንሂድ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነን" አለች ሀጀራም። "ከዚያ ወዲህ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገብኝም። እንዲያውም ዝም ብሏል።"

አስቻለች ቅጹን አወጣች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ጠበቁ። ጥያቄዎቹ ሲያልቁ ሦስት "አዎ" ሆነ።

"ልጆቹ የት ናቸው?"

"እናቱ ዘንድ፣ ወግዲ። ማክሰኞ ራሱ አድርሷቸው መጣ። ትንሽ እረፊ ብሎኝ ነው።"

"ይኸው፣ አስተዋይ ሰው እኮ ነው" አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም።

እኔ ከመደርደሪያው ወዲህ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አስቻለች የሀጀራን እጅ እያየች ነበር።

"ፈተና ሊደርስ አይደል እንዴ?"

"እዚያው ይፈተናሉ። ለሦስቱም ከትምህርት ቤት መሸኛ አውጥቶላቸዋል።"

"አንቺስ መቼ ትሄጃለሽ?"

"ወዴት?"

"ልጆችሽ ወዳሉበት።"

"እኔማ እዚሁ ነኝ" አለች ሀጀራ። "እኔን ሂጂ አላለኝም።"

አስቻለች ቅጹን ገለበጠችና መዝገቡን አልዘጋም አለች። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ጋሽ ኪዳነማርያም ያስተማሩት ኢንስፔክተር ገበየሁ ከቢሮው ወጣ፤ ቅጹን አነበበ። "ሦስት ነው፣ አረንጓዴ" አለ። "ሰው ልጆቹን ለአያታቸው ሰጠ ብዬ ልሰር?"

"አንድ ስልክ ልደውል" አለች አስቻለች። "ከዚያ እዘጋዋለሁ።"

ሀጀራ ራሷ የአማቷን ቁጥር አውጥታ ደወለችና ስልኩን ሰጠቻት። አስቻለች ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሀጀራ ወዳጅ ነኝ አለች። ልጆቹ እንዴት ናቸው አለች።

"ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ አሮጊቷ። "ትንሿ ብቻ ታለቅስብኛለች።"

"እስከ መቼ ነው እርስዎ ጋ የሚቆዩት፣ እማ?"

"እስኪያድጉ ነዋ ልጄ። አደራ፣ እስኪያድጉ ብሎ እጄን ስሞኝ ሄደ። እናታቸው አረብ አገር ልትሄድ አይደል እንዴ?"

ሀጀራ ፓስፖርት የላትም። እንዲኖራት አስባም አታውቅም። ከስልኩ ቀና አለችና "የት ልሄድ ነው ያሉት?" ብላ ጠየቀች፤ የጠየቀችው እኛን ነበር። እኔ በዚያን ሰዓት ፈራሁ። በዚህ መዝገብ ቤት የሞተ ሰው ፋይል ስከፍት ኖሬአለሁ፤ ፋይሏ እንዲያ ሊከፈት የነበረ ሴት ከፊቴ ተቀምጣ ግን አይቼ አላውቅም። ጋሽ ኪዳነማርያም ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

ኢንስፔክተሩ ሁለት ፖሊስ ላከ። አሕመዲን ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ክላሹን ሳይከራከር አስረከበ። ፖሊሶቹ እንደነገሩኝ፣ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የልጆቹን ነገር ማን ነገራችሁ?" አለ።

በታሰረ በአሥራ አንደኛው ቀን በዋስ ወጣ። ልጆችን አያት ዘንድ ማድረስ ወንጀል አይደለም፤ ለእናት መዋሸትም እንዲሁ። እስከዚያ ድረስ አስቻለች ሀጀራንና ከወግዲ የተመለሱትን ሦስት ልጆች ደጎሎ የሀጀራ ወንድም ቤት አድርሳ፣ ሌላ መሸኛ አስወጥታላቸው ነበር። አሕመዲን ሱቁን ሸጦ መተማ ወርዷል ይባላል። በፋይሉ ላይ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

ዘንድሮ ጥቅምት ሀጀራ ለፍቺ የመዝገብ ቅጂ ፈልጋ መጣች። ቅጂውን እኔ ስሠራላት አስቻለችን በመደርደሪያው በኩል አየቻት። አምና "እርስዎ" ትላት የነበረችው ሴት ተነሥታ ሄደችና "አንቺ" አለቻት።

"ሽማግሌ የገባበትን ቤት አፈረስሽው" አለቻት። "ታርቀን ነበር። የወንድሜን ሚስት ፊት እያየሁ እንድበላ አደረግሽኝ። ምን አደረገኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አደረገኝ?"

አስቻለች ብድግ ብላ ቆማ ሰማቻት። ባለጉዳዮች በበሩ አንገታቸውን እያስገቡ ያዩ ነበር። ሀጀራ ስትጨርስ አስቻለች "ልጆቹ የት ናቸው?" አለቻት።

"ትምህርት ቤት ናቸዋ። የት ይሆናሉ?" አለችና ቅጂዋን ተቀብላኝ ወጣች።

እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከአስቻለች ይልቅ እኔ ነኝ የተናደድኩት። ምስጋና ቢቀር ስድብ ምን የሚሉት ነው፣ ጠርቼ ልንገራት አልኩ።

"ተዋት" አለች አስቻለች እየተቀመጠች። "መጥታ ትቆጣ። በዛች እኮ አንድ ቀን መጥታ አልተቆጣችኝም።"