የአባባ ጨጓራና የኔ ጨጓራ

በእኛ ቤት ካንሰር የሚባል በሽታ የለም። ጨጓራ ነው የሚባለው። አባባ የታመመ ጊዜ ሐኪሙ ታላቅ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት፤ እሷ ደግሞ ለአባባ «ጨጓራህ ነው አሉ» አለችው። እኔም ስንቱን ባለሥልጣን ፊት ለፊት ሳፋጥጥ የኖርኩት ጋዜጠኛ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ «አጥሚት ለጨጓራ ጥሩ ነው» ስለው ከረምኩ። ሰባት ወር ሙሉ፣ እስኪሞት ድረስ።

ስለዚህ ተራው የኔ ሲሆን እህቴን ቃል አስገባኋት። የሚነገረው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይነገራል፤ ሳይቀነስ፣ ሳይጣፍጥ። «እሺ» አለች ወዲያው። ቶሎ እሺ የሚል ሰው ብዙ እንደማይታመን ሥራዬ አስተምሮኛል።

ጥያቄው አንድ ነበር። የግራ ጡቴ እብጠት ካንሰር መሆኑ በናሙና ተረጋግጧል። ከጡት አልፎ ሳንባ ወይም ጉበት መድረስ አለመድረሱ ግን አልታወቀም። ሐኪሜ «ካልተሰራጨ ለማዳን ነው የምናክመው፤ ከተሰራጨ ዕቅዳችን ይለያል» ብላኛለች። የዚያ ቀን ምርመራ ይህን ሊለይ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ደረስን። እኔ፣ እውነተኛ ጨጓራ ያለብኝ፣ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እህቴም «አንቺ እየራበሽ እኔ ልበላ?» ብላ አብራኝ ጾማለች። ያደግንበት ቤት የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር ሆኗል። ቆም ብላ አየችውና፣ «ፒያሳ እንኳን ፈርሳ ትታደሳለች፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለችኝ።

ምርመራ ማዕከሉ ገብተን መጀመሪያ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ቀጥሎ የልብ ምርመራ ነበር፤ የካንሰሩን መድኃኒት ልቤ ይችለው እንደሆነ ለማየት። መርማሪዋ ቀዝቃዛውን ቅባት ደረቴ ላይ እያሸች «ልብዎ ጠንካራ ነው» ስትለኝ፣ እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ «እሱንማ እኛን ብትጠይቂን በነፃ እንነግርሽ ነበር» አለቻት። ራጅ ክፍል «አየር ይሳቡ፣ ይያዙት» ተባልኩ። ያዝኩት። ባለሙያው ስልክ አነሳ። እኔ መታዘዝ ስለማውቅ ይዤ ቆየሁ። ተመልሶ ሲያየኝ «ውይ፣ ይተንፍሱ እንጂ እናቴ» አለ።

የመጨረሻው የሆድ አልትራሳውንድ ነበር። ሽንቴ እስኪወጥረኝ ውኃ መጠጣት ስለነበረብኝ ሁለት ጠርሙስ በችኮላ ጨለጥኩ። ወጣቱ ሐኪም መሣሪያውን በቀኝ ጎኔ በኩል አንሸራተተ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

«ምን ይታያል?» አልኩት።

«ውጤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጽፎ ይሰጥዎታል።»

ይህን መልስ ከብዙ ቢሮ አውቀዋለሁ፤ አልተቀየምኩትም። ለመቀየምም ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ለእህቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ሲያየኝ ገባ።

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ለማለት ይህን ያህል አይቆምም።»

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «ጨጓራሽ ነው አለ» አለችኝ።

ደረጃውን ወረድን፣ መንገዱን ተሻገርን፣ አንድ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶና ፓስቲ አዘዝን። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ከሰዓቱ በታች የምጽፈው ግን ጠፋኝ። እህቴ ዓይኗን ከኔ አሽሽታለች። ከአባባም እንዲሁ ታሸሽ ነበር። ፓስቲዬን ለሁለት ቆረስኩት።

አንድ ሰዓት እንዲህ ከምቀመጥ መጠየቅ ይሻላል አልኩ።

«እህቴ፣ የአባባ ጨጓራ ነው ወይስ የኔ ጨጓራ?»

ያኔ ነው የገባት። ፓስቲዋን ሳህኑ ላይ መለሰች። «ክፉ አይንካሽ፤ የራስሽ ነው! ውኃውን ስትጣደፊ አየር ውጠሻል፤ ጨጓራዋ ተነፍቶ አንድ ቦታ ጋረደኝ፣ ቁርስ ይስጧት ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን አታዪኝም?»

«ፓስቲ እያየሁ ነዋ። ከማታ ጀምሮ አልበላሁም።»

«ስለ ጉበቴስ ምን አለ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«ቢነግረኝስ?» አለች ቀስ ብላ። «ያኔም ለኔ ነው የነገሩኝ። እናንተ እንኳ አጥሚት ስታጠጡ ነበር፤ ሰባት ወር ይዤው የዞርኩት እኔ ነኝ። አሁን አንቺ አንብቢው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ እሷን ግን አንድ ቀን «እንዴት ቻልሽው?» ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር። ፓስቲዬን ግማሹን ሰጠኋት።

ወረቀቶቹ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ሳልቀንስ፣ ሳላጣፍጥ። ሳንባ፣ የተሰራጨ ነገር አልታየም። ጉበት፣ ጤናማ፤ የተሰራጨ ነገር አልታየም። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደግሜ አነበብኩት፤ ልማድ ነው። የመጨረሻው መስመር «በጨጓራና በአንጀት አየር ምክንያት ቆሽት በከፊል አልታየም» ይላል።

«ይኸው!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ጨጓራ አላልኩሽም?»

ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቃል ከቤታችን ይውጣ አልኳት። ወደ ታክሲው ስንወርድ ስታሰላስል ቆየችና፣ «እሺ፤ እውነተኛው ጨጓራሽ ሲነሳብሽ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አለችኝ።

«ሆዷን አመማት በዪ።»

«ሆድማ የባሰ ነው» አለች። «ሆድ ምስጢር ይይዛል።»