ትንሽ አሞታል

ከደልጊ በጀልባ የመጣች ሴት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ ባሕር ዳር ወዳለችው ኮምፒዩተር ቤቴ ገባች።

«አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ኢሜይል ላክልኝ። ብደውልላት ድምፄ ያሳብቅብኛል» አለችኝ።

«ወንድማችን ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ነይ!» ብዬ ያለችኝን ጻፍሁ።

ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። «ኧረ ቃለ አጋኖዋን አጥፋት፤ ትደነግጣለች! ‹ቶሎ ነይ›ም ይቅር፤ ‹ብቅ በይ› በላት። መጨረሻው ላይ ‹እሱም ሰላም ብሎሻል› ጨምር።»

በአራት ነጥብ ዘግቼ ላክሁት። እፎይ ብላ ስትነሣ ነጠላዋ ተንሸራተተ። ራሷ ለሐዘን ተላጭቷል፤ የምላጩ ቁስል ገና አልደረቀም። ክው አልሁ።

«ትናንት ቀበርነው» አለችኝ መልሳ እየተከናነበች። «አደራህን፣ መልስ ከጻፈች ‹ተሽሎታል› እንዳትላት። ትቀራለች።»