ከራሱ ሰፈር

ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ተረኛ ሠራተኛ ነው። ሰፈርተኛው «ድርግም» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው ጥቂት ነን።

ነፋስ ሲጠፋ ከተርባይኖቹ የሚመጣው ኃይል ያንሳል። ያኔ ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው መስመር አይነካም። በዶላር የተሸጠ ነው፤ ቢቋረጥ ደግሞ ቅጣት አለው። እኛ የምንከፍለው በራሳችን ገንዘብ ስለሆነ ጨለማው የኛ ነው።

ድርግም ታዲያ መብራት ሲያጠፋ ሁልጊዜ ከራሱ ሰፈር ነበር የሚጀምረው፤ ለዘመድ ለጎረቤት አዳላ እንዳይባል። ስንሰድበው «እኔስ አብሬያችሁ አይደል እንዴ ጨለማ የምቀመጠው?» እያለ ይስቃል።

ባለፈው ሳምንት እናቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ይዘው ከሆስፒታል ወጥተው እሱ ቤት ገቡ። እሱም ሊያስታምማቸው ፈቃድ ወሰደ። አመሻሽ ላይ ልጠይቃቸው ገብቼ ገና ወንበር ስስብ መብራቱ ጠፋ፤ ማሽኑም ዝም አለ።

ድርግም ስልኩን አንስቶ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ደወለ። ያነሳው እሱን የተካው ተረኛ ነው።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ጠፋብን። እርስዎ እንዳሳዩን ከእርስዎ ሰፈር ጀመርኩ» አለው።

«እናቴ ማሽን ላይ ናት። ቶሎ መልስልኝ።»

«እሺ፤ በምትኩ የትኛውን ሰፈር ላጥፋ?»

ድርግም በየተራ መብራት ያጠፋባቸው ሰፈሮች ሁሉ በቃሉ ናቸው፤ በየትኛው ቤት ማን እንደተኛ ግን አያውቅም። እናቱ እጁን ጨብጠው ያጣጥራሉ። ተረኛው ስልኩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

በመጨረሻ አንድ ሰፈር ጠራ።

መብራቱ ሲመለስ የእናቱ እጅ ከእጁ ወድቆ ነበር፤ ማሽኑ ብቻውን ይተነፍስ ጀመር።